የሦስት አገር ታክስ፣ አንድ ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ታናሽ ወንድማችን ላፕቶፕ ልንገዛለት ሦስት ሆነን ተስማምተናል። እኔ ኦንላይን ያየሁት 999 ዶላር ነበር፤ ልከፍል ስል 1,058.94 ሆነብኝ። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜ ያንኑ ዕቃ 1,199 ዩሮ አገኘውና ‹እኛ ጋ 19 በመቶ ነው፣ አንቺ በ6 በመቶ ታማርሪያለሽ› ይለኛል። ዱባይ ያለችው እህታችን ደግሞ ‹እዚህ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ዋጋው 3,999 ድርሃም ነው፣ እኔ ልግዛ› ትላለች። አንዷ ጓደኛዬ ‹ደላዌር ታክስ የለም፣ እኔ ቤት አስልኪው› ብላኛለች። የቱ ይሻለናል?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ታክሱን ብቻ ነጥለን ካየን ትንሹ የዱባዩ ነው፤ ከነታክሱ ዋጋ ግን የእርስዎ 1,058.94 ዶላር ከሦስቱ ያነሰው ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ቤተሰቡን ከሁሉ በላይ ሊያስወጣ የሚችለው የሦስቱ አገር ታክስ ሳይሆን ቦሌ ላይ የሚጠየቀው ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ሦስታችሁ የያዛችሁት ቁጥር አንድ ዓይነት ስላልሆነ እሱን እናስተካክል።

አሜሪካ ውስጥ ድረ ገጹ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክስ ያልተጨመረበት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የሽያጭ ታክስ አይጥልም። የሚጥሉት ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ በብዙዎቹ ደግሞ ካውንቲውና ከተማው የራሱን ይጨምርበታል። ሻጩ ዕቃው የት እንደሚላክ ሳያውቅ ስንት እንደሚያስከፍል ስለማያውቅ፣ ታክሱ የሚመጣው አድራሻ ከገባ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሜሪላንድ በመላ ግዛቱ 6 በመቶ ነው፤ ካውንቲ የሚጨምረው የለም። 999 ላይ 6 በመቶ 59.94 ነው፣ ሂሳቡ ትክክል ነው።

ጀርመንና ዱባይ ደግሞ ለሸማች የሚታየው ዋጋ ታክሱን፣ ማለትም የተጨማሪ እሴት ታክሱን (ቫት)፣ የያዘ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ወንድምዎ 1,199 ሲሉ 19 በመቶው ውስጡ አለ፤ እርስዎ 999 ሲሉ ግን 6 በመቶው ገና አልተነካም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታክሱን ለማውጣት 1,199ን በ19 በመቶ ሲያባዛ ነው። 227.81 ያገኛል፤ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም 19 በመቶው የተሰላው ታክሱ ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ትክክለኛው መንገድ ማካፈል ነው። 1,199 ለ1.19 ሲካፈል 1,007.56 ይሆናል። ታክሱ 191.44 ዩሮ ነው ማለት ነው። የዱባዩም እንደዚሁ፦ 3,999 ለ1.05 ሲካፈል 3,808.57 ድርሃም፣ ታክሱ 190.43 ድርሃም።

አሁን ሁሉንም ወደ ዶላር እንመልስ። ድርሃም በ3.6725 ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ አይዋዥቅም፤ የዱባዩ ዋጋ ከነታክሱ 1,088.90፣ ያለታክስ 1,037.05 ዶላር ነው። ዩሮው በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ለምሳሌ ያህል አንዱን ዩሮ በ1.15 ዶላር ብንይዘው የጀርመኑ ከነታክሱ 1,378.85፣ ያለታክስ 1,158.69 ይመጣል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው፣ ዱባይ ታክሱ ከሜሪላንድ በ1 በመቶ ያነሰ ሆኖ ሳለ ዕቃው በ30 ዶላር ገደማ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መነሻ ዋጋው ራሱ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው፣ በእርስዎና በፍራንክፈርት ዋጋ መካከል ካለው 320 ዶላር ገደማ ልዩነት ታክሱ የሚያብራራው ግማሹን ብቻ ነው፤ 160 ዶላር ያህሉ የሻጩ ዋጋ ልዩነት ነው። በአገሮች መካከል የታክስ ምጣኔን ብቻ ይዞ ማወዳደር የማያዋጣው ለዚህ ነው። ወንድምዎ «እኛ ጋ 19 በመቶ ነው» ሲሉ እውነት ነው፤ ከታክሱ እኩል ያስወደደው ግን ሻጩ የተመነው ዋጋ ነው።

ሲያወዳድሩ የማጓጓዣውንም ክፍያ አይርሱ። ጀርመን ውስጥ የማጓጓዣ ክፍያ ከዕቃው ጋር አብሮ 19 በመቶ ይታሰብበታል። ሜሪላንድ ላይ ነገሩ በአጻጻፉ ይወሰናል፦ ሻጩ የማጓጓዣውን ክፍያ ለብቻው ከጻፈው አይታክስም፤ «ማጓጓዣና አያያዝ» ብሎ በአንድ መስመር ካጠቃለለው ግን ሙሉው ይታከሳል። በ20 ዶላር ማጓጓዣ ላይ 1.20 ዶላር ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ደረሰኝዎ ካሰቡት ጋር በሳንቲም ሲለያይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከሌላ አገር ድረ ገጽ በአሜሪካ ካርድ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ብዙ ካርዶች እስከ 3 በመቶ የውጭ ግብይት ክፍያ ይቆርጣሉ። 1,088.90 ላይ ይህ 32.67 ዶላር ነው፤ ዱባይ ላይ ከሚከፈለው ታክስ ከግማሽ በላይ። ድረ ገጹ «በዶላር ልክፈል ወይስ በድርሃም?» ብሎ ከጠየቀዎት ድርሃሙን ይምረጡ፤ ዶላሩን ሲመርጡ የምንዛሬ ዋጋውን የሚወስነው የእነሱ አገናኝ ድርጅት ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከካርድዎ ባንክ ይብሳል።

ወደ ደላዌር እንምጣ። ደላዌር፣ ኦሪገን፣ ሞንታና እና ኒው ሃምፕሸር የሽያጭ ታክስ የላቸውም። አላስካም በግዛት ደረጃ የለውም፤ አንዳንድ ከተሞቹ ግን ያስከፍላሉ። ጓደኛዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ወደ ደላዌር አድራሻ የተላከ ዕቃ ላይ ታክስ አይታይም። ዕቃው ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ግን በሜሪላንድ ሕግ የመገልገያ ታክስ የሚባለው ይጠብቀዋል፤ እሱም 6 በመቶ ነው። ሻጩ ስላልሰበሰበው እርስዎ ራስዎ ለግዛቱ ኮምፕትሮለር (ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) አስታውቀው መክፈል አለብዎት። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ «ደላዌር ነፃ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚህም ሌላ ለ60 ዶላር ሲባል በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ደርሶ መልስ መንዳት፣ የመንገድ ክፍያውና ቤንዚኑ ሲደመር ትርፉ ድካም ነው። የደላዌር አድራሻ በእውነት የሚጠቅመው ዕቃው ሜሪላንድ ሳይገባ ከዚያው በዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በቀጥታ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሲሆን ነው። አንዳንድ አስተላላፊዎች መጋዘናቸውን ደላዌርና ኦሪገን ያደረጉት ለዚህ ነው።

ኦንላይን ከሆነ ታክስ አይከፈልም የሚባለው ወሬ ዛሬም በየቤቱ ስለሚነገር ጥቂት እንበልበት። ድሮ መሠረት ነበረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በሰጠው ውሳኔ፣ ሻጩ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን ከሌለው ግዛቱ ታክስ ሰብስብ ሊለው አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2018 ሳውዝ ዳኮታ ከዌይፌር ኩባንያ ጋር በተከራከረችበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረው። ከዚያ ወዲህ በግዛቱ ውስጥ በቂ ሽያጭ ያለው ሻጭ፣ ሱቅ ይኑረው አይኑረው፣ ይሰበስባል። የሜሪላንድ መነሻ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ወይም 200 ሽያጭ ነው። እንደ አማዞንና ኢቤይ ያሉ ትልልቅ የገበያ ድረ ገጾች ደግሞ በእነሱ በኩል ለሚሸጠው ትንሽ ነጋዴ ጭምር ራሳቸው ይሰበስባሉ። ስለዚህ ዛሬ በመጨረሻው የክፍያ ገጽ ላይም ታክስ ያልተጨመረበት ዋጋ ካጋጠመዎት ሻጩ ትንሽ ነው ወይም ዕቃው ከታክስ ነፃ ነው።

የካርድዎ አድራሻ ታክሱን አይቀይረውም። የሚወስነው ዕቃው የሚላክበት አድራሻ ነው። ኦንላይን ከፍለው ዕቃውን ሱቅ ሄደው የሚረከቡ ከሆነ የሱቁ አድራሻ ይይዛል። ኮምፒውተሩን ሌላ አገር ያለ በሚያስመስል ቪፒኤን ገብቶ ማዘዝም ለውጥ አያመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ትዕዛዙን ከማሰረዝ በቀር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ ዘመድ ቤት ቢያስልኩትም ያው ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ ነው።

አውሮፓም በዚሁ መርሕ ነው የሚሄደው። በኅብረቱ ውስጥ ትንሹ መደበኛ ምጣኔ የሉክሰምበርግ 17 በመቶ፣ ትልቁ የሃንጋሪ 27 በመቶ ነው፤ ስዊድን 25፣ ጣሊያን 22፣ ፈረንሳይ 20 ናቸው። ይሁንና ወንድምዎ ከሉክሰምበርግ ድረ ገጽ ወደ ፍራንክፈርት ቢያዝዙ ሻጩ በድንበር ዘለል ሽያጭ ዓመታዊ ገቢው ከ10,000 ዩሮ ካለፈ የሚያስከፍለው 19 በመቶ ነው። በ17 በመቶ መግዛት የሚቻለው ራሳቸው ሄደው ከሱቅ ሲገዙ ነው፤ በዚህ ላፕቶፕ ላይ የሚያተርፉት 20 ዩሮ ገደማ ብቻ ነው፣ የባቡር ቲኬት አይሸፍንም።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች «ዓረብ አገር 5 በመቶ ነው» ብለው በጅምላ ባይይዙት ጥሩ ነው። ኤምሬትስ ከጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 5 በመቶ ናት። ሳዑዲ አብራ በ5 ብትጀምርም ከሐምሌ 2020 ወዲህ 15 በመቶ ሆናለች። ባሕሬን 10፣ ኦማን 5 ናቸው። ኩዌትና ኳታር ይህን ታክስ አልጀመሩም። እስራኤል ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጋለች።

«ከአገር ሲወጣ ታክሱ ይመለሳል» የሚባለውንም ሳይጠይቁን አይቀርም። ይመለሳል፤ ግን ለነዋሪ አይደለም። ወንድምዎ የጀርመን ነዋሪ፣ እህትዎ የኤምሬትስ ነዋሪ ስለሆኑ አያገኙም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር እንግዳ ጀርመን ውስጥ ከ50 ዩሮ በላይ ሲገዛ ይችላል። ሲከፍል ፓስፖርቱን አሳይቶ የመውጫ ቅጹን ማስሞላት አለበት፤ ዕቃውን በራሱ ሻንጣ፣ ከተገዛበት ወር በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ማውጣት ይኖርበታል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰው የሚያበላሸው ይኸኛውን ነው፦ ሻንጣውን ያስረክብና ከዚያ ጉምሩክ ጋ ይሄዳል። መኮንኑ ዕቃውን ካላየ ማኅተም አያደርግም፤ ማኅተም የሌለው ቅጽ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ጉምሩክ፣ ከዚያ ሻንጣ። ተመላሹም «19 በመቶ» አይደለም። ከሙሉው ዋጋ ቢበዛ 15.97 በመቶ ነው፤ ከዚያ ላይ ገንዘቡን የሚመልሰው አገናኝ ድርጅት የአገልግሎቱን ይቆርጣል። በኦንላይን ለተገዛ ዕቃ ቅጹን የማይሰጡ ሻጮች ብዙ ስለሆኑ ከመክፈል በፊት ጽፎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ለተጓዥ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የምትመልሰው የለም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ላፕቶፑ በኩሪየር ወደ አዲስ አበባ ከተላከ የኢትዮጵያ ጉምሩክ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ይደመሩበታል። ታክሶቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። ቀረጡ በድምሩ ላይ ይጣላል፤ ኤክሳይዝ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) ካለ ቀረጡን በጨመረው ላይ፤ የ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከዚያ ድምር ላይ፤ የ10 በመቶው ሱር ታክስ (ተደራቢ ታክስ) ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ጭምር በያዘው ላይ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የ3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥም አለ። አሠራሩን ለማሳየት ያህል፣ 999 ዶላር ዕቃ፣ 81 ዶላር ማጓጓዣና ኢንሹራንስ፣ በድምሩ 1,080 ብለን የ10 በመቶ ቀረጥ አለበት ብንል፦ ቀረጡ 108 ሆኖ 1,188 ይደርሳል፤ ቫቱ 178.20 ሆኖ 1,366.20፤ ሱር ታክሱ 136.62 ሆኖ 1,502.82፤ የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ 32.40 ሲጨመር 1,535.22። ታክሱ ብቻ 455.22 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ላይ ያስጨነቀዎት 59.94 ከዚህ ጎን ትንሽ ነው፤ ቀድሞ ለሜሪላንድ፣ ለጀርመን ወይም ለዱባይ የተከፈለው ታክስም እዚህ አይቀነስም።

ይህ ስሌት መንገዱን ለማሳየት ነው። ትክክለኛው የቀረጥ ልክ በዕቃው የታሪፍ ቁጥር ይወሰናል፣ ከሱር ታክስም ሆነ ከማኅበራዊ ልማት ቀረጡ ነፃ የሆኑ ዕቃዎች አሉ። የተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ዓለም አቀፍ ቁጥር 8471.30 ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድማችሁ ይህን ቁጥር ይዞ ጉምሩክ ኮሚሽን ወይም የጉምሩክ አስተላላፊ ጋ ሄዶ የዕለቱን ቀረጥ፣ ሱር ታክስና ኤክሳይዝ አንድ በአንድ ቢጠይቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትዘዙ። ደረሰኙ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስጻፍም አይታሰብ። ጉምሩክ የተመሳሳይ ዕቃ የዋጋ መረጃ ስላለው ያልተቀበለውን ደረሰኝ ትቶ በራሱ ዋጋ ያሰላል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል፤ ዕቃው ቢጠፋ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የተጻፈውን ያህል ነው።

በቅርብ ወራት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የቤተሰብ ሰው ካለ ነገሩ ይቀላል። ተጓዥ ለራሱ የሚገለገልበት ዕቃና በታሸገ ካርቶን የመጣ ዕቃ ግን ጉምሩክ ፊት እኩል አይታዩም። ከጉዞው በፊት የመንገደኞችን መመሪያ ማጣራትና ሲጠየቁ በግልጽ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ተጓዡ ከአሜሪካ ከሆነ እርስዎ ይግዙ፤ 6 በመቶው ተከፍሎም ዋጋው ከሦስቱ ያነሰ ነው። ከዱባይ ከሆነ ሠላሳ ዶላር መጨመር ያዋጣል። እህትዎ ሲያዝዙ ግን የፊደል ገበታው (ኪቦርዱ) ምን ዓይነት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ዓረብኛ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። ጀርመኑ ደግሞ ዜድና ዋይ ቦታ የተለዋወጡበት ነው፤ ለተማሪ በየቀኑ የሚያናድድ ነገር ነው። የኃይል ነገር አያሳስብ፤ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ ኢትዮጵያ ይሠራል። የሚቀየረው ግድግዳው ላይ የሚሰካው ገመድ ብቻ ነው፤ የጀርመኑ እንዳለ ይገባል።

የሚሄድ ሰው ከሌለ ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ሱቅ ዋጋ ያስጠይቁ። ቀረጡ ተከፍሎ የገባ ዕቃ ነው፤ ሲበላሽ የሚመለስበት ሱቅ አለው። የጠሩላችሁን ዋጋ ከኩሪየሩ ድምር ጋር ስታነጻጽሩ የአገር ቤቱ ሊሻል ይችላል። ወደ ዶላር ስትመልሱት ገንዘቡን በምትልኩበት ቀን የምታገኙትን የባንክ ምንዛሬ ተጠቀሙ።

ሦስታችሁ ወደፊት እርስ በርሳችሁ ዕቃ መላላካችሁ ስለማይቀር ይህንንም ያዙ። ወደ ጀርመን ከውጭ የሚገባ ንግድ ዕቃ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመጀመሪያው ዩሮ ቫት አለበት፤ ቀድሞ የነበረው የ22 ዩሮ ነፃነት ቀርቷል። እስከ 150 ዩሮ ከሆነ ብዙ ድረ ገጾች ቫቱን ሲከፍሉ ያስከፍሉና በመለያ ቁጥራቸው ለጉምሩክ ያሳውቃሉ። ቁጥሩ ከጥቅሉ ጋር ካልተላለፈ ፖስተኛው በር ላይ ሁለተኛ ቫት ይጠይቃል። የዚህን ጊዜ ሁለቱን ደረሰኞች ይዞ ገንዘቡን ከሻጩ መጠየቅ ነው። ከ150 በላይ ከሆነ ቀረጥ ይጨመራል። 180 ዩሮ ቀሚስና 25 ዩሮ ማጓጓዣ 205 ነው፤ ልብስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጣለው 12 በመቶ ቀረጥ 24.60፤ 19 በመቶው ቫት 43.62፤ ጠቅላላው 273.22፣ ከአመላላሹ የአገልግሎት ክፍያ በፊት። ግለሰብ ለግለሰብ የሚልከው ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ነፃ ነው፤ ከሱቅ በቀጥታ የተላከ ግን «ስጦታ» ተብሎ ቢጻፍበትም ስጦታ አይባልም። ወደ እርስዎ የሚመጣም ተቀይሯል፦ አሜሪካ የ800 ዶላሩን ነፃ ገደብ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አግዳዋለች፤ የግለሰብ ስጦታ እስከ 100 ዶላር ነው የቀረው።

ላፕቶፑን እርስዎ ከገዙት ደረሰኙን ሳይጥሉ ያስቀምጡ። ዕቃው ተበላሽቶ ወደ ሻጩ ቢመለስ 59.94ቱም አብሮ መመለስ አለበት፤ ተመላሹ 999 ብቻ ሆኖ ከመጣ ሻጩ ጋ ይደውሉ።